ድንገት የወረደ ቦምብ፣ ባንድ ቀን የተዘጋ ክርክር

መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. የግብፅና የሶሪያ ጦር በሁለት ግንባር በእስራኤል ላይ ያልታሰበ ጥቃት ከፈተ። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የሐማስ ታጣቂዎች የጋዛን አጥር ጥሰው ገብተው ወደ 1,200 ሰው ገደሉ፤ 250 ገደማ አግተው ወሰዱ። ፈረንጆቹ በሃምሳኛ ዓመቱ ማግስት ይሉታል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ዕለቱ ራሱ ነው። ሰኔ 6 ቀን 2017 ደግሞ እስራኤል በተራዋ ኢራንን በድንገት ደበደበች፤ አሜሪካና ኢራን በኦማን ለመደራደር የያዙት ቀጠሮ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። የድንገተኛ ጥቃት ጥናት ከመደርደሪያ ወርዶ እንደገና የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

የጥናቱ አውራ አሜሪካዊቷ ሮቤርታ ዎልስቴተር ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ፐርል ሃርበር ያነሳችው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ይህን ያህል መረጃ በእጃቸው እያለ እንዴት ተዘናጉ? ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. ጃፓን ከስድስት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ባስነሳቻቸው ወደ 350 አውሮፕላኖች የሃዋይን ወደብ ፐርል ሃርበርን ስትመታ ዋሽንግተን የጃፓንን የዲፕሎማሲ ምስጢር ጽሑፍ እየፈታች ታነብ ነበር። ከአሥር ቀን በፊት ለጦር አዛዦቹ የጦርነት ማስጠንቀቂያ ተልኳል። በዚያው ጠዋት አንድ ሰዓት እንዳለፈ የኦፓና ራዳር ብዛት ያለው የአውሮፕላን መንጋ አሳየ፤ ተረኛው መኮንን ግን ከካሊፎርኒያ የሚጠበቁ የራሳችን ቦምብ ጣዮች ናቸው ብሎ ነገሩን ተወው። ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ቦምቡ መውረድ ጀመረ። 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ፤ ከእነዚህ 1,177ቱ አሪዞና በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የነበሩ ናቸው።

የዎልስቴተር መልስ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። እውነተኛው ምልክት ነበረ፤ ነገር ግን በሺህ በሚቆጠር አሳሳች ወሬ ጫጫታ ውስጥ ተውጦ ነበር። ከጥቃቱ በኋላ ወደ ኋላ ለሚያይ ሰው ምልክቱ ብቻ ነጥሮ ይታየዋል፤ ከጥቃቱ በፊት ለነበረው ግን ሁሉም እኩል ይጮኻል። ሰው ደግሞ ከጫጫታው መርጦ የሚሰማው አስቀድሞ ያመነውን ነው። በ1966 የእስራኤል ወታደራዊ ደኅንነት ግብፅ የረጅም ርቀት ቦምብ ጣይ ሳይኖራት ጦርነት አትጀምርም ብሎ ደምድሞ ነበር፤ በሱዌዝ ካናል ማዶ የተከማቸውን ጦር እያየ ልምምድ ነው አለ። ከሃምሳ ዓመት በኋላም የጋዛን አጥር በካሜራ የሚጠብቁ ወጣት ሴት ወታደሮች ያዩትን አስጠንቅቀው ሰሚ አላገኙም።

የያኔው ፕሬዚዳንት ሮዝቬልት ጥቃቱን አውቆ ዝም አለ የሚለው ወሬ በየዘመኑ ይነሳል። ታሪክ ጸሐፊው ቻርልስ ቢርድ ፕሬዚዳንቱ አገሪቱን ወደ ጦርነት ገፍቷታል ብሎ ከከሰሰ ወዲህ ስንት መጽሐፍ ተጽፎበታል። በዋሽንግተን ጃፓን የሆነ ቦታ እንደምትመታ ይጠበቅ ነበር፤ ዓይኑ ግን ያረፈው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ላይ ነው። ፐርል ሃርበር እንደሚመታ ሮዝቬልት ያውቅ እንደነበር የሚያረጋግጥ ሰነድ እስካሁን አልወጣም። ይህ ክርክር የበላውን ቀለም ያህል አይገባውም ባይ ነኝ።

የሕጉን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ጃፓን በ1896 ሳታውጅ የሩሲያን መርከቦች በፖርት አርተር ከመታች በኋላ፣ በሄግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ጦርነት ያለ ማስጠንቀቂያ እንዳይጀመር ተስማሙ። ስምምነቱን ማን አከበረው? ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ሳታውጅ መረብን ተሻገረች፤ ያ ወረራ ግን ወራት ሲጠበቅ የቆየ ስለነበር ማንንም አላስደነገጠም። ጀርመን ሰኔ 15 ቀን 1933 ሶቪየት ኅብረት ላይ የወደቀችው የማይጠቃቁበት ውል ጸንቶ ሳለ ነው፤ ስታሊንም የደረሱትን ማስጠንቀቂያዎች አላመነም።

አጥኚዎቹ ያልጠገቡት ጥያቄ «እንዴት አላዩም?» የሚለው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በማግስቱ የሚሆነው ነው። ነሐሴ 1933 የአሜሪካ ምክር ቤት የግዳጅ ወታደሮችን የአገልግሎት ጊዜ ያራዘመው በ203 ለ202፣ በአንዲት ድምፅ ብልጫ ነበር። አገሪቱ በጦርነቱ መግባት አለመግባት ላይ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የጃፓን ቦምብ ይህን ክርክር በሁለት ሰዓት ዘጋው። በማግስቱ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 82 ለ0፣ የተወካዮች ምክር ቤት 388 ለ1 ጦርነት አወጁ። አሜሪካ ከጦርነቱ እንድትርቅ ይታገል የነበረው «አሜሪካ ትቅደም» የተባለው ኮሚቴ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ጃፓን በነዳጅ ማዕቀቡ ታንቃ ያሰበችው አሜሪካን አስደንግጣ ጊዜ መግዛት ነበር፤ ያገኘችው አንድ ልብ የሆነ ሕዝብ ነው። ሂትለርም ከጃፓን ጋር የነበረው ውል ሳያስገድደው ታኅሣሥ 2 ቀን በአሜሪካ ላይ ጦርነት አውጆ ለሮዝቬልት የቀረውን ሥራ ጨረሰለት።

ያቺ አንዷ ተቃዋሚ የሞንታናዋ ጃኔት ራንኪን ነበረች። በ1909ም ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት መግባትን ተቃውማ ነበር፤ ያኔ ግን ከሃምሳ ተቃዋሚዎች አንዷ ነበረች። አሁን ብቻዋን ሆነች። ከአዳራሹ ስትወጣ ሕዝቡ ከቧት ስልክ መደወያ ክፍል ውስጥ ገብታ ዘጋች፤ ፖሊስ መጥቶ ነው ያወጣት። ጃፓን ጦርነቱን ጀምራዋለችና በዚያ ቀን መቃወሟ ትክክል ነበር አልልም። ነገር ግን አንድ ሰው «ቆይ» ሲል የሚደርስበትን ያህል የጥቃትን ኃይል የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

ስልሳ ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተደገመ። በ1994 የእንቁጣጣሽ ዕለት ኒውዮርክና ዋሽንግተን ተመቱ። መስከረም 4 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት ለፕሬዚዳንቱ የጦር ኃይል ፈቃድ ሲሰጥ ድምፁ 420 ለ1 ነበር። አንዷ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ናት፤ የግድያ ዛቻ ወርዶባት በጠባቂ ለመሄድ ተገደደች። የተቃወመችው አጥፊዎቹ መቀጣታቸውን አልነበረም፤ ፈቃዱ አገር አይጠራም፣ ማብቂያ ቀንም የለውም ብላ ነው። እዚህ ላይ ያለ ማወላወል ከእሷ ወገን ነኝ። ጃፓን በ1934 ስሟ ተጠርቶ ነው የታወጀባት፤ እጇን ስትሰጥ ጦርነቱ አበቃ። የ1994ቱ ፈቃድ ግን አፍጋኒስታን ውስጥ ሃያ ዓመት ከቆየ በኋላም አልተሻረም። ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ አልሸባብ ላይ ለሚወርደው የአሜሪካ የአየር ድብደባ በሕግ መሠረትነት ሲጠቀስ የኖረውም እሱ ነው፤ ፈቃዱ ሲጸድቅ አልሸባብ የሚባል ድርጅት ገና አልተመሠረተም ነበር።