የሚንቀጠቀጥ ባጃጅ ስንት ያወጣል?

ያገለገለ ባጃጅ ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላው ቀለሙን ያሳያል፣ ገዢው ሊብሬውን ያገላብጣል። ሞተሩ ተነስቶ የኋላ መቀመጫው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ወሬው ይቀየራል። «ሞተሩ አልቋል፣ መውረድ አለበት» ይባልና ዋጋው ይሰበራል። ያለቀው ግን ሞተሩ ላይሆን ይችላል፤ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ጎማዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የሁለቱ ወጪ ጨርሶ አይቀራረብም።

ወደ 200 ሲሲ የሚጠጋው ባለ አራት ምት የባጃጅ ሞተር ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲሽከረከር በሴኮንድ 25 ጊዜ ነዳጅ ያቃጥላል። ይህን ሁሉ ምት የሚውጡት ከብረት ጋር የተጣበቁት ጎማዎች ናቸው። ሙቀት ያደርቃቸዋል፣ የሚፈስ ዘይት ያላሽቃቸዋል፣ ኮብልስቶኑና ጉድጓዱ ይጨርሳቸዋል።

ምልክቱ በሚኒሞ ሲሠራ የሚብስ መንቀጥቀጥ፣ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ከኋላ የሚሰማ ድምፅ ነው። ማርሹም አልገባ ይላል፤ ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር ከመሪው የሚመጣው የማርሽ ገመድ ይሳባልና። የማርሚታው መገጣጠሚያ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ያረጀ ካንዴላ ወይም የተዛባ ካርቡሬተርም ያንቀጠቅጣል፣ የላላ ቡሎንም እንዲሁ። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፤ ርካሾቹም እነርሱ ናቸው። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በብረት ዘንግ ቀስ ብሎ ከፍ ማድረግ ነው። ጎማው ከብረቱ ከተለየ ወይም ከተሰነጠቀ ነገሩ አለቀ።

ሲቀየር ሞተሩ ጣውላ በተደረገበት ክሪክ ይደገፋል፤ ጎማዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ሁሉም ግን አብረው ይቀየራሉ። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ጭነቱ በአንድ ወገን ይወድቃል። ቡሎኖቹ መጨረሻ የሚጠብቁት ሞተሩ በክብደቱ ከተቀመጠ በኋላ ነው። የማርሽና የፍሪሲዮን ገመዶችም እንደገና ይስተካከላሉ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ማስገባት የተለመደ ብልሃት ነው፤ ድምፁን ለጊዜው ያጠፋል፣ ንዝረቱን ግን ወደ ሻንሲው ብየዳ ያሻግራል።

ጎማው ቀድሞ የማይቀየረው ስለምን ነው? ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ የዶላር ምንዛሪ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ከ100 ብር በላይ መድረሱ ከውጭ የሚገባውን መለዋወጫ ሁሉ ነክቷል። ከዚህ የሚብሰው ግን የገቢው አከፋፈል ነው። ለባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገንዘብ የሚያስገባ አሽከርካሪ ባጃጁን ጋራዥ ባስገባበት ቀን የሚከስረው እርሱ ነው። ባጃጁ ሲሸጥ የሚጎድለው ዋጋ ግን የባለንብረቱ ነው። ስለዚህ አሽከርካሪው ዝም ይላል፣ ባለንብረቱም አይሰማም። የጥገናውን ቀን ገቢ የሚተዉ ባለንብረቶች ወሬውን ቀድመው ያገኛሉ።

ለገዢ የሚበጀው ከሞተሩ ሥር በባትሪ ማየት ነው። ለሻጭም ቢሆን መካኒክ ሳያየው «ሞተሩ አልቋል» የሚለውን ዋጋ መቀበል የለበትም፤ ደላላው የቱንም ያህል ቢቸኩል።