ቀይዋ ቁጥቋጦ ትነቀል ወይስ ትቆይ?
ቦስተን አጠገብ የምትኖር ጓደኛዬ ከባሏ ጋር ተኳርፋለች። በምን መሰላችሁ? ደጃፋቸው ባለች ቁጥቋጦ! «በርኒንግ ቡሽ» ይሏታል፤ እንደ ሙሴ ዕፀ ጳጦስ የምትነድ ለማለት ነው። አገሯ ምሥራቅ እስያ ነው። ቀኑ ሲያጥር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ አረንጓዴነቷ ይሟጠጥና ቅጠሏ ደም ይመስላል፤ ከዚያ እርግፍ!

«ስደት የመጣሁ ሰሞን ያጽናናችኝ እሷ ናት» ትላለች ጓደኛዬ። ባል ደግሞ ፍሬዋን ፈርቷል። እውነቱን ነው! ፍሬዋ መርዛም ነው፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ልጃቸው ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ወፎች ግን እየበሉ ዘሩን ጫካ ለጫካ ይበትኑታል። በዚሁ ጦስ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሸጧ ተከልክሏል።

እኔ ለባልየው ፈርጃለሁ። አንቺዬ፣ ፎቶ አንሺያትና ይንቀላት! በምትኳ ብሉቤሪ ትከሉ። እሷም ቅጠሏ ከመርገፉ በፊት ትቀላለች፤ ፍሬዋን ደግሞ ልጁ እስኪጠግብ ይብላው።