ከፈተናው በፊት ቋንቋው

ለንደን፣ ደብሊን፣ ሲድኒ ወይም ማልታ ውስጥ በሚገኝ የቋንቋ ኮሌጅ ለመመዝገብ የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያ የሚቀርብለት ኮርስ «ጄኔራል ኢንግሊሽ»፣ አጠቃላይ እንግሊዝኛ የሚባለው ነው። ስሙ ብዙ ሰው አይስብም። የሚስበው ከጎኑ የተዘረዘረው ነው፦ የአይልትስ ፈተና ዝግጅት፣ የንግድ እንግሊዝኛ፣ የነርሶች እንግሊዝኛ። እነዚህ የሚያደርሱበትን ቦታ በስማቸው ይናገራሉ። አጠቃላዩ ግን ወዴት እንደሚያደርስ ያልተነገረለት፣ ጊዜና ገንዘብ ለተረፈው ሰው የተዘጋጀ ይመስላል። ሥራና ቤተሰብ ይዞ፣ የቪዛ ወይም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አስጨንቆት የመጣ ጎልማሳ የሚያባክነው ቀን ስለሌለው በቀጥታ ወደ ፈተናው ዝግጅት ይገባል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ቋንቋው ገና ላልጸናለት ጎልማሳ፣ ዓላማው ፈተናው ራሱ ቢሆን እንኳ፣ አጭሩ መንገድ በአጠቃላይ እንግሊዝኛ በኩል ያልፋል። ይህን ለማሳየት ኮርሱ ከየት እንደመጣና ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

የቋንቋ ኮሌጅ ከአንድ ምንጭ አልተቀዳም። ከመነሻዎቹ አንዱ ማክሲሚሊያን በርሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ በፕሮቪደንስ ከተማ የከፈተው ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ ታሪክ እንደሚለው በርሊትዝ የቀጠረው ፈረንሳዊ ረዳት እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። በርሊትዝ በታመመበት ሰሞን ረዳቱ ዕቃ እያሳየና በእጁ እየጠቆመ በፈረንሳይኛ ብቻ ሲያስተምር ሰነበተ፤ በርሊትዝ ሲመለስም ተማሪዎቹ በፈረንሳይኛ ሲነጋገሩ አገኛቸው። ከዚያ ወዲህ በሚማሩት ቋንቋ ብቻ ማስተማር የእነዚህ ተቋማት መለያ ሆነ። በሌላ ወገን ፈተናው አለ። ካምብሪጅ ለውጭ አገር ሰዎች ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና እ.ኤ.አ. በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተቀመጡት 3 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ትርጉም፣ ድርሰትና የድምፅ ጥናት ሁሉ ነበረበት፤ 12 ሰዓት ያህል ፈጅቷል፤ ያለፈ ሰው ግን አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጆን እና ብሪታ ሄይክራፍት የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1953 በስፔን ኮርዶባ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ቆይተውም ወደ ለንደን መጥተው ኢንተርናሽናል ሃውስን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1962 የጀመሩት አጭር የመምህራን ሥልጠና ዛሬ ሴልታ ተብሎ የሚታወቀው የምስክር ወረቀት መነሻ ነው። በየአገሩ የቋንቋ ኮሌጅ የሚያስተምሩ እጅግ ብዙ መምህራን ይህንኑ ወረቀት ይዘዋል።

ለጉዳያችን ከሁሉም የሚበልጠው ግን በአውሮፓ ምክር ቤት የተሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኔዘርላንዳዊው ያን ቫን ኤክ «ትሬሾልድ ሌቭል» የሚባለውን ሰነድ አዘጋጁ። ሰነዱ የሚነሳው ተማሪው የትኛውን የሰዋስው ሕግ ማወቅ አለበት ከሚለው አይደለም። አንድ ጎልማሳ በባዕድ አገር ራሱን ችሎ ለመኖር በቋንቋው ምን ማድረግ መቻል አለበት ከሚለው ነው፦ ራሱን ማስተዋወቅ፣ ስለ ቤቱና ስለ ሥራው መናገር፣ መገበያየት፣ ሕመሙን ማስረዳት፣ አለመስማማቱን መግለጽ፣ ይቅርታ መጠየቅ። ይህ ሥራ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2001 ከኤ1 እስከ ሲ2 ያሉት ስድስት ደረጃዎች ታትመው ወጡ። እንግዲህ «አጠቃላይ» የተባለው ነገር ልቅ አይደለም። የጎልማሳ ሰው ኑሮ የሚጠይቀው ተለቅሞ፣ በደረጃ ተከፋፍሎ የተቀመጠበት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ኮርሱን ዓላማ የለሽ ሊለው አይችልም።

ተማሪው በመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው የደረጃ መመደቢያ ፈተና ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሰዋስውና የቃላት ጥያቄ፣ አጭር ጽሑፍና ከመምህር ጋር የጥቂት ደቂቃ ንግግር አለው። ከኢትዮጵያ የሄደን ተማሪ ቅር ሊያሰኘው የሚችለውም ይኸው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። 12 ዓመት ቋንቋውን ተምሮ፣ ፊዚክስና ታሪክ በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ሲያበቃ «ፕሪ ኢንተርሚዲየት ነህ»፣ ከመካከለኛ በታች ነህ መባል ያማል። ምደባው ግን ስድብ አይደለም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሜሪል ስዌን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ለዓመታት የተማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን ጉዳይ አንስተው ነበር። ልጆቹ ሰምቶ በመረዳት ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸው እምብዛም አያንሱም፤ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን የሰዋስው ስሕተታቸው ጎልቶ ይታያል። የስዌን ማብራሪያ ልጆቹ ብዙ ይሰማሉ እንጂ ራሳቸው አሟልተውና አስተካክለው እንዲናገሩ የሚያስገድዳቸው አልነበረም የሚል ነው። ካናዳ ውስጥ በተሟላ ትምህርት ቤት እንዲህ ከሆነ፣ ተማሪ በተጨናነቀበትና መምህር ተናግሮ ተማሪ በሚገለብጥበት ክፍል ያደገ ሰው ንባቡ ከንግግሩ ብዙ ቢቀድም ምን ያስገርማል? መመደቢያው ፈተና የሚያገኘው ይህንኑ ክፍተት ነው። ኮሌጁ ወደ ታች የሚያወርደው ያወቀውን ሊሰርዝበት ሳይሆን የሚያውቀውን በአፉ እንዲያወጣው ነው።

ክፍሉም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። ከ10 እስከ 16 የሚሆኑ ተማሪዎች አሉ፤ አንዱ ከብራዚል፣ አንዷ ከቱርክ፣ ሌላው ከጃፓን። የሚያግባባቸው ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ማምለጫ የለም። መምህሩ ብዙ አያወራም። ጥያቄ ይሰጣል፣ በመካከላቸው እየዞረ ያዳምጣል፣ የሰማውን ስሕተት መዝግቦ መጨረሻ ላይ ሰሌዳ ላይ ያወጣዋል፤ የማን እንደሆነ ሳይናገር ሁሉም ያርመዋል። መምህሩ ዝም ሲል ሥራ የፈታ የሚመስላቸው፣ በገንዘባቸው ማብራሪያ እንጂ ወሬ ሊገዙ እንዳልመጡ የሚናገሩ ተማሪዎች አሉ። ቅሬታው ከአገር ቤት ልማድ የመጣ ነው፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ ያለችው ሰዓት በመምህሩ ንግግር ከተሞላች ተማሪው የሚለማመድባት ደቂቃ አትቀርለትም። ሌላው ቅሬታ መደጋገሙ ነው። «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚባለው የግስ መልክ በኤ2 ይመጣል፣ በቢ1 ይመለሳል፣ በቢ2 እንደገና ይነሳል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሕግ በቃሉ ያውቀዋል፤ በንግግር መካከል ግን ይጠፋበታል። ግሱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ለማሰር የለመደ፣ ከስም በፊት የሚገቡት «ኧ» እና «ዘ» በዚያ መልክ በቋንቋው የሌሉለት ሰው ሕጉን አንድ ጊዜ በማወቅ አይላቀቅም። የሚላቀቀው በተለያየ ጉዳይ ደጋግሞ ሲገለገልበት ነው።

ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል? የካምብሪጅ ፈተና ድርጅት በመምህር የሚመራ ትምህርትን በሰዓት ገምቶታል፦ ከዜሮ ተነሥቶ ኤ2 ለመድረስ ከ180 እስከ 200፣ ለቢ1 ከ350 እስከ 400፣ ለቢ2 ከ500 እስከ 600፣ ለሲ1 ከ700 እስከ 800 ሰዓት ያህል። ግምት ነው፤ የተማሪው የመጀመሪያ ቋንቋና ትጋት ይለውጠዋል። ቢሆንም ሒሳቡ ብዙ ነገር ያጠራል። ከኤ2 ተነሥቶ ቢ2 ለመድረስ ከ300 እስከ 400 ሰዓት ይቀረዋል ማለት ነው። በሳምንት 15 ሰዓት የሚማር ሰው ከ4 ወር ተኩል እስከ 6 ወር ያህል ይበቃዋል። በአየርላንድ የተማሪ ቪዛ የሚሰጥበት የ25 ሳምንት ኮርስ በሳምንት 15 ሰዓት ሲሰላ 375 ሰዓት ይሆናል። ከሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ማታ፣ በጠቅላላው 4 ሰዓት የሚማር ሰው ግን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ያስፈልገዋል። «በሦስት ወር እንግሊዝኛ እንደ ውኃ» የሚል ማስታወቂያ ከዚህ ሒሳብ ጋር አይታረቅም፤ ሰዓቱን የሚደብቅ ትምህርት ቤት ሊታመን አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። አይልትስ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ፣ ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን ከ3 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚለካ ፈተና ነው። የሚለካው ያለውን ቋንቋ ነው፤ ሚዛን ላይ ደጋግሞ መውጣት ክብደት እንደማይጨምር ሁሉ ያለፈ ዓመት ፈተና ደጋግሞ መሥራትም የሌለ ቋንቋ አያመጣም። ይህ ከግምት የመጣ አይደለም። አንቶኒ ግሪን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በብሪታኒያ ለአይልትስ ብቻ ሲዘጋጁ የቆዩ ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ሰፋ ያለ የእንግሊዝኛ ኮርስ ከወሰዱ ጋር አነጻጽረዋል፤ በጽሑፍ ፈተናው ውጤት ለፈተና ብቻ የተዘጋጁት ግልጽ ብልጫ አላሳዩም። እርግጥ ነው፣ ንጽጽሩ ከዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ጋር እንጂ ከአጠቃላዩ ጋር አልነበረም፤ ነገር ግን በፈተናው ላይ ማተኮር ብቻውን ነጥብ ያወጣል የሚለውን እምነት ያናጋል። ካትሪን ኤልደር እና ኪየራን ኦሎክሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ባደረጉት ጥናት፣ ከ10 እስከ 12 ሳምንት በተጠናከረ መልክ የተማሩ ሰዎች በአማካይ ግማሽ ነጥብ ያህል መጨመራቸውን አሳይተዋል። 5 ያለው ሰው 6 ተኩል ከተጠየቀ የሚቀረው የቋንቋ ሥራ የወራት ነው፤ በብልሃት የሚዘለል አይደለም። የፈተና ዝግጅት ጥቅም የለውም አልልም። የጥያቄውን ዓይነት መልመድና ሰዓትን መከፋፈል ማወቅ ዋጋ አላቸው። ዋጋቸው ግን ቋንቋው ካለ በኋላ ነው።

ተቃውሞው በዚህ አያበቃም። ብዙ ጎልማሶች «ለእኛ አልፎብናል» ይላሉ። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ሃርትሾርን እና ባልደረቦቹ ከ6 መቶ ሺህ በላይ ሰዎችን ባካተተ ጥናታቸው ሰዋስው የመቅሰም ችሎታ እስከ 17 ዓመት ገደማ ጸንቶ ከዚያ እንደሚቀንስ ጽፈዋል። ይህ የሚናገረው ግን እንደ አገሬው ተወላጅ ስለ መሆን ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለመከታተል ወይም በሥራ ቦታ ለመደመጥ ማንም ያን አይጠይቅም። ካትሪን ስኖው እና ማሪያን ሁፍናግል ሁህሌ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ኔዘርላንድ ውስጥ ደች የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ሲከታተሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥነው የተራመዱት ታዳጊዎችና አዋቂዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም። ጎልማሳ ሕግ ይረዳል፣ ያወዳድራል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ለምን እንደሚማር ያውቃል። የሚያጣው ጊዜንና መሳሳትን የመድፈር ነጻነትን ነው፤ ደህና ክፍል ሁለቱንም ይሰጠዋል።

ሌሎች ደግሞ ስልክ እያለ ኮሌጅ ለምን ይላሉ። ቪዲዮውና አፑ ለማዳመጥና ለቃላት እጅግ ይጠቅማሉ፤ ገንዘብ ለሌለው ሰው ትልቅ በረከት ናቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ የሚሰጡት መስማትን ነው፤ ስዌን ያሳዩት ጉድለት ደግሞ በመስማት ብቻ አይሞላም። እዚያው አገር መኖር ያስተምራል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በለንደን ከአማርኛ ተናጋሪ ጋር ተከራይቶ፣ በአማርኛ ገበያ ወጥቶ፣ ሌሊት ብዙ ንግግር የማይጠይቅ ሥራ የሚሠራ ሰው ለዓመታት እንግሊዝኛውን ሳያሳድግ ሊኖር ይችላል። ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በዚህ መልክ ሲኖሩ ጥፋቱ የስንፍና አይደለም፤ ኑሯቸው ቋንቋውን አልጠየቃቸውም። የሚጠይቃቸው ቀን፣ ከልጃቸው መምህር ወይም ከሐኪም ፊት ሲቀመጡ፣ ክፍተቱ ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ገንዘብ ነው፤ በዚህም ተቃዋሚው ትክክል ነው። የግል የቋንቋ ኮሌጅ ውድ ነው፤ ለብዙው ኢትዮጵያዊ ቪዛውም ክፍያውም ሩቅ ነው። ግን ይኸው ትምህርት በሌላ በር ይገኛል። በአሜሪካ የጎልማሶች ትምህርት ቤቶችና የኮሚኒቲ ኮሌጆች በመንግሥት ድጋፍ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያስተምራሉ፤ በብሪታኒያ ኢሶል የሚባለው የእንግሊዝኛ ትምህርት በአካባቢ ኮሌጆች ይሰጣል፤ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ነዋሪዎችም ነጻ ነው። ወረፋ አላቸው፤ ተራ መያዝ ግን ይቻላል። አዲስ አበባ ያለም ሰው በማታ ኮርስ ከተመዘገበ ይኸው መርሕ ይሠራለታል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ? መምህሩ ለጎልማሶች ቋንቋ ለማስተማር የሠለጠነ ነው? ኮሌጁን የሚመረምረው ማነው? በብሪታኒያ ብሪቲሽ ካውንስል የሚመራው የዕውቅና ሥርዓት አለ፤ ዕውቅና ያገኙትን ኮሌጆች ዝርዝር ማንም ማየት ይችላል። በመመደቢያው ፈተና ያገኛችሁት ደረጃ ዝቅ ቢልባችሁ አትከራከሩ፤ ከዚያ ጀምሩ። ናሙና ፈተና ላይ ከሚፈለገው ውጤት በግማሽ ነጥብ ያህል ርቀት ላይ ስትደርሱ ወደ አይልትስ ዝግጅት ተሻገሩ።