የጉሮሮ ሕመም፣ የልብ ዕዳ

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በተቋቋመው የልብ ሕክምና ማዕከል የቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ ልጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ከማኅፀን ጀምሮ ልባቸው ችግር ያለበት ነው። ሌሎቹ ጤነኛ ልብ ይዘው ተወልደው፣ ሮጠውና ተጫውተው፣ ትምህርት ቤት ገብተው ከቆዩ በኋላ የታመሙ ናቸው። የእነዚህ ሕመም የጀመረው ከጉሮሮ ነው።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ ለማመን ይቸገራሉ። ጉሮሮ የማያመው ልጅ የለም። ዝንጅብል ይፈላል፣ ማርና ሎሚ ይጨመርበታል፣ ልጁ በሦስት አራት ቀን ይሻለዋል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም በራሱ ጊዜ ይለቃል። በልጆች ላይ ከሚታየው ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ግን ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባክቴሪያው ራሱ ልብ ድረስ አይሄድም። በገላው ላይ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖች ከልብ ሥጋ ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ እሱን ለማጥፋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የገዛ ልቡን ያጠቃል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ያተኩሰዋል፤ ዛሬ ጉልበቱ ያብጣል፣ ነገ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል። ቤተሰቡ ብርድ መታው፣ ቁርጥማት ነው ይላል። ይህም ያልፋል። መገጣጠሚያው ምንም ሳይተርፍበት ይድናል፤ የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይይዛሉ። በተለይ በግራ በኩል ያለው ሚትራል የሚባለው በር ይወፍራል፣ ይጣበቃል ወይም መግጠም ያቅተዋል። ጉሮሮው ዳግም በዚያው ባክቴሪያ በታመመ ቁጥር ጉዳቱ ሊደራረብ ይችላል። ከዚያ በሽታው ለዓመታት ዝም ይላል። ብዙ ሴቶች ልባቸው መታመሙን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው፤ በእርግዝና የደም መጠን ሲጨምር የጠበበው በር አልችል ይላል።

ደቡብ አፍሪካዊው ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ የመሩት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች ከ3,000 በላይ የዚህ የልብ በሽታ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስቱ አንዱ ያህል ሞተዋል። በዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ በየዓመቱ ከ300,000 በላይ ሰው ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መከላከያው ከ70 ዓመት በፊት በታወቀ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ በአሜሪካ ዋዮሚንግ፣ በዋረን የአየር ኃይል ጣቢያ የተሠራ ጥናት፣ ጉሮሯቸው የታመመ ወታደሮች ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው ልብን የሚጎዳው ትኩሳት በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ድረስ ፔኒሲሊንን መቋቋም አልቻለም። በሌሎች በሽታዎች ላይ መድኃኒቶች እየከዱን ባሉበት ዘመን ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አለመጠቀማችን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ እናት በምን ትለየው? ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን ካለ ነገሩ በአብዛኛው ጉንፋን ነው። ሕመሙ በድንገት ጀምሮ፣ ከፍ ያለ ትኩሳት ኖሮት፣ ምራቅ መዋጥ ካስጨነቀ፣ ከመንጋጋ ሥር ያሉት ንፍፊቶች አብጠው ሲነኩ ካመሙ፣ ቶንሲሉ ቀልቶ ነጭ መግል ከያዘ፣ ሳልም ከሌለ ያ ልጅ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ማደር የለበትም። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። እነዚህ ምልክቶች ሁልጊዜ እውነቱን አይናገሩም፤ እርግጡን የሚናገረው ከጉሮሮ በጥጥ ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ ነው። ምርመራው በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ባለሙያው በምልክቶቹ ይወስናል፤ በሽታው በበዛበት አገር ደግሞ ወደ ማከሙ ማዘንበሉ ተገቢ ነው። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የተጀመረ ሕክምና ልብን ያድናል። ስለዚህ ትናንት ያልመጣ ልጅ ዛሬም አልረፈደበትም።

ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለ መርፌ ነው፤ አንድ ጊዜ ተወግቶ ያበቃል። ሌላው ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ለ10 ቀን መዋጥ ነው። ችግር የሚፈጠረው በዚህ በ10 ቀኑ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቃል፣ ልጁ እንጀራውን ይበላል፣ የተረፈው መድኃኒት ለሚቀጥለው ሕመም ወይም ለታናሽ እህት ይቀመጣል። ባክቴሪያው ግን አልጠፋም። በአንጻሩ በጉንፋን ለታመመው ልጅ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሁለት ሦስት ፍሬ ይገዛለታል፤ እሱ ጭራሽ አያስፈልገውም ነበር። የሚያስፈልገው ሳይጨርስ፣ የማያስፈልገው ሲውጥ እንኖራለን።

በገጠርም በከተማም ደግሞ እንጥል የማስቆረጡ ልማድ አለ። ጉሮሮ ሲቆጣ እንጥል ያብጣል፤ ቤተሰብ «ወረደ፣ ሊፈነዳ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ልጇ እንዳይታፈንባት የፈራች እናት ልጇን ይዛ ወደ ቆራጩ ብትሮጥ ፍርሃቷ ይገባኛል። ነገር ግን ያበጠው እንጥል የሕመሙ ምልክት እንጂ ምክንያት አይደለም። መቁረጡ የደም መፍሰስን፣ ቴታነስንና በምላጩ የሚተላለፉ በሽታዎችን ያመጣል፤ ባክቴሪያውንም ከጉሮሮ አያስወጣም። «ታክሟል» ተብሎ ልጁ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ይቀራል።

ልቡ ለተነካ ልጅ ተስፋው የወር መርፌው ነው። በየሦስትና አራት ሳምንቱ ያው ቤንዛቲን ይወጋል፤ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ አንዳንዱም ዕድሜው 40 እስኪሆን። መርፌው ያማል፤ መድኃኒቱን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ጥቂት በመሆናቸው የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ከሁሉ የከፋው ፍርሃቱ ነው። ከመርፌው በኋላ ሰው ሞተ የሚል ወሬ በመሰማቱ መርፌውን ለመውጋት የሚያመነቱ ባለሙያዎች አሉ። ሞት መድረሱ እውነት ነው፤ ሆኖም ኃይለኛ አለርጂ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚከሰተው። ከዚህም ሌላ ልባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን በሕመሙና በድንጋጤው የተነሣ ልባቸው ሊደክም እንደሚችል ተደርሶበታል፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ለእነዚህ ሕሙማን በመርፌው ፈንታ የሚዋጠው ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መክሯል። መፍትሔው እነዚህን ሕሙማን ለይቶ ማወቅ፣ ሌላው ሕመምተኛ በልቶና ጠጥቶ፣ ተጋድሞ እንዲወጋ ማድረግና ለአለርጂ የሚሆነውን አድሬናሊን አጠገብ ማስቀመጥ ነው። መርፌውን ጨርሶ መከልከል ልጁን ለሚቀጥለው ጥቃት አሳልፎ መስጠት ይሆናል።

የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት ያጸደቀው ሰነድ የአዲስ አበባ መግለጫ ይባላል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 የራሱን ውሳኔ አሳለፈ። በመዲናችን ስም የተጠራው ሰነድ ሕሙማኑ እንዲመዘገቡና ፔኒሲሊን እንዳይቋረጥ ይጠይቃል፤ ይህን ለማድረግ አዲስ ሆስፒታል አያስፈልግም። የወር መርፌውን የምትወስድ አንዲት ተማሪ ከገጠር ወረዳዋ ለሥራ ወደ ከተማ ስትሄድ መርፌዋ የሚቋረጠው፣ አዲሱ ጤና ጣቢያ ማን እንደሆነች ስለማያውቅ ነው። የመድኃኒቷ ስም፣ መጠኑ፣ መጨረሻ የተወጋችበት ቀንና የሚቀጥለው ቀጠሮ የሠፈረበት፣ በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚያሠራ ካርድ በእጇ ቢኖር፣ የትውልድ ወረዳዋም ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀጠሮው ሲያልፍ ስልክ ደውላ ብትጠይቅ፣ መርፌዋ አይቋረጥም።