ባቄላ ከውርጭ ወደ ኋላ ሲቆጠር

በራቤል ጓሮ ባቄላ መቼ ይዘራ? ዝናቡ ሲገባ ማለት ይቀላል፤ ቀኑን የሚወስነው ግን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ነው። በእንግሊዝ አገር ባቄላ በመጸው ተዘርቶ የበረዶውን ወራት በቡቃያነቱ ያሳልፋል። ቡቃያው ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ይችላልና። አበባውና ለጋ እሸቱ ግን አይችሉም፤ በግሼና በመንዝ ደጋ ደግሞ ብርዱ የሚመጣው ልክ ተክሉ ሲያፈራ ነው።

መስከረም ሲያልፍ ሰማዩ ይጠራል። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ትለቃለች፤ የሚያስቀርላት ደመና የለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል። የተረተሩ ጓሮ ተርፎ የረባዳው በአንድ ሌሊት የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

ባቄላ በብርዳማ ደጋ ደርቆ ለመታጨድ አምስት ወር ገደማ ይፈልጋል። በሰኔ አጋማሽ የተዘራው ኅዳር ላይ ሲደርስ፣ በሐምሌ መጨረሻ የተዘራውን ውርጭ በለጋነቱ ያገኘዋል። አብዝቶ ማስቀደምም ጣጣ አለው፤ ቅጠሉ በከባዱ ዝናብ ወቅት ስለሚጠቀጠቅ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣው የሻጋታ በሽታ ይበረታበታል፤ ውኃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። ቦይ ማውጣት ግድ ነው።

ለዘገየ ባለጓሮ አንድ መውጫ አለ፦ እሸት። ከደረቁ ፍሬ ሳምንታት ቀድሞ ይቀጠፋል።