በሞተር ሳይክል ላይ የሚሰማ የንፋስ ጩኸት፦ ምንጩና ማለዘቢያው

ሞተር ሳይክል በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲጓዝ፣ በሄልሜት ውስጥ ላለው ጆሮ ዋናው የጩኸት ምንጭ ሞተሩ ወይም ማርሚታው መሆኑ ይቀርና አየሩ ራሱ ይሆናል። አየር የአንድን አካል ቅርጽ ተከትሎ መፍሰስ ሲያቅተው ከገጹ ተላቆ ወደ ትናንሽ አዙሪቶች ይበታተናል፤ አዙሪቶቹ የሚፈጥሩት የግፊት መዋዠቅም ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ከጠጣር አካል ጋር በሚጋጭ አየር የሚፈጠረው የድምፅ ኃይል በግምት በፍጥነቱ 6ኛ ርቢ መጠን ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጩኸቱ በ18 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ዴሲቤል የድምፅ ብርታት የሚለካበት አሃድ ነው።

ይህን በሞተርና በንፋስ ጩኸት መካከል ያለ ልዩነት ከወልድያ የሚወጡት መንገዶች በግልጽ ያሳያሉ። ወደ ምዕራብ፣ በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ በተሠራው መንገድ የድልብን አቀበት ይዞ ወደ ጋሸና የሚወጣ ሞተረኛ በዝቅተኛ ማርሽ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ የሚሰማው የሞተሩ ማጓራት ነው። ወደ ደቡብ በሲሪንቃ በኩል የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው መርሳ በሚወርደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ላይ ግን ፍጥነት ስለሚገኝ ንፋሱ ይሠለጥናል። ለሥራ አካባቢ ጤና የሚወጡ መመሪያዎች ለ94 ዴሲቤል ጩኸት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ መጋለጥን አይመክሩም፤ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ደግሞ በሄልሜት ውስጥ ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ጩኸት ስለሚደርስ፣ ከወልድያ መርሳ ደርሶ መልስ በየዕለቱ የሚመላለስ ሰው ጆሮውን ለጉዳት ያጋልጣል።

ምንጩን ለማግኘት በመጀመሪያ የአየሩን ድምፅ ከሞተሩ መለየት ያስፈልጋል። ፍጥነቱን ሳይለውጡ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ መንዳት ይበቃል፤ ድምፁ ከማርሹ ጋር ከተለወጠ የሞተሩ ነው፣ ካልተለወጠ ግን የአየሩ ወይም የጎማው ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ድምፁ ፉጨት ነው ወይስ ጉርምርምታ የሚለው ነው። የቼኩ የፊዚክስ ሊቅ ስትሮሃል በ1878 እ.ኤ.አ. ባሳየው ሕግ መሠረት፣ ቀጭን ዘንግ በአየር ውስጥ ሲጓዝ የሚያወጣው ቃና በፍጥነቱ ይጨምራል፣ በውፍረቱ ይቀንሳል፤ ለምሳሌ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖኪዮ ዘንግ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሴኮንድ 400 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ቃና ይሰጣል። ጫፉ ያልተደፈነ የፖርቶ መጋላ ቱቦም እንደ ዋሽንት ሊነፋ ይችላል። እንዲህ ያለው ፉጨት ዘንጉን በፕላስተር በመጠቅለል፣ ስፖኪዮውን በጥቂቱ በማዞር ወይም የቱቦውን ጫፍ በመድፈን ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ጉርምርምታው ግን የበለጠ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም የሚወለደው በራሱ በሄልሜቱ ዙሪያና ከፊት ለፊቱ ባለው የንፋስ መከላከያ መስታወት ጠርዝ ላይ ነው። መከላከያ ከተገጠመ ጸጥታ ይገኛል የሚለው የተለመደ ግምት ብዙ ጊዜ ስሕተት ይሆናል። አጭር መስታወት ደረትን ከንፋስ ቢጠብቅም ከጠርዙ የሚነሳውን የተበጣጠሰ አየር በቀጥታ ወደ ሄልሜቱ ሊወረውር ስለሚችል፣ መስታወት የሌለው ትንሽ ሞተር አንዳንዴ ከባለ መስታወቱ ያነሰ ይጮኻል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ነጂው ከመቀመጫው በጥቂቱ ከፍ ሲል ጩኸቱ ከቀነሰ ራሱ ከአዙሪቱ በላይ ወዳለው ንጹሕ አየር ገብቷል ማለት ስለሆነ መስታወቱን ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ጎንበስ ሲል ከቀነሰ ደግሞ ከፍ ያለ መስታወት ይረዳል። ከአገጭ ሥር ባለው ክፍተት የሚገባውን አየር ጫፉ በጃኬት ውስጥ የተሸጎጠ ሻርፕ በደንብ ያለዝበዋል፤ ጫፉ ውጭ ከቀረ ግን መርገፍገፉ ሌላ ጩኸት ይጨምራል።

ሙከራው ዋጋ የሚኖረው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሲለወጥና በተመሳሳይ መንገድ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ሲነዳ ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከፊት ሲመጣ በ70 የሚነዳውን ሰው በ90 እንደሚነዳ ያደርገዋልና።

የቀረውን ጩኸት የጆሮ መድፈኛ ይቀንሰዋል። ከስፖንጅ የሚሠራው ለስላሳ መድፈኛ የንፋሱን ጩኸትና የመኪና ጥሩምባን አብሮ ስለሚቀንስ ጥሩምባው ከንፋሱ በልጦ ይሰማ ከነበረ አሁንም በልጦ ይሰማል፤ በጩኸት ያልደነዘዘው ጆሮም አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቀለዋል።