ትምህርት ቤት ራሱን የሚገመግመው ለማን ብሎ ነው?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ። ያኔ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ስለ መምህራን አቅም፣ ስለ ኩረጃም ብዙ ተብሏል። ብዙም ያልተነሳው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ተማሪው ለዓመታት የተመላለሰበት ትምህርት ቤት ችግሩን ከፈተናው በፊት ለምን አላየውም?

ግለ ግምገማ ምንድን ነው?

ግለ ግምገማ ማለት ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራኑ፣ ተማሪዎቹና ወላጆቹ "አሁን ያለንበት ሁኔታ ምን ይመስላል?" ብለው ትምህርት ቤታቸውን በማስረጃ የሚፈትሹበት አሠራር ነው። ኢንስፔክሽን ከውጭ የመጣ ቡድን አይቶ ደረጃ የሚሰጥበት ነው። ግለ ግምገማ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ጉድለታቸውን ፈልገው የሚያገኙበት ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም አራት ዐበይት ርዕሶች አሉት፤ እነሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ራሳቸውን ገምግመው የሦስት ዓመት ዕቅድ እንዲያወጡ ይጠበቃል። የኢንስፔክሽን ማዕቀፉም በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት የተከፈሉ 26 ስታንዳርዶች ያሉት ሲሆን ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። ስለዚህ የጎደለን መመዘኛ አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

በመምህርነት ያሳለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቅጹ የሚወጣው ኢንስፔክተሮች ሊመጡ ሲሉ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው በአንድ ከሰዓት ይሞሉታል። መልሱ ወደ ወረዳ እንደሚሄድ ስለሚታወቅም "መካከለኛ" የነበረው "ከፍተኛ" ይሆናል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። እውነቱን የጻፈ ትምህርት ቤት የሚያገኘው ድጋፍ ሳይሆን ወቀሳ ከሆነ እውነቱን የሚጽፍ አይገኝም። በመጨረሻ የሚጎዳው ግን ማንበብ ሳይችል ወደ ቀጣዩ ክፍል የተዛወረው ልጅ ነው።

ይህን ቅጽ እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ብናወጣው ለውጥ እናገኛለን? የእንግሊዝ ታሪክ አናገኝም ይለናል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለኦፍስቴድ የግለ ግምገማ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞሉ ነበር። ቅጹን ከጉብኝታቸው በፊት የሚያነቡት ተቆጣጣሪዎቹ ስለነበሩ ለትምህርት ቤቶቹ ትልቅ ጭንቀት ሆነ። በመጨረሻም ረጅምና ቢሮክራሲ የበዛበት ነው ተብሎ በ2011 ቀረ። ቴክኖሎጂው አልጎደለም ነበር። ቅጹ ግን ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የተቆጣጣሪው መሣሪያ ሆኖ ነበር።

የተሻለ መንገድ ያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች

አንደኛው የስኮትላንድ ነው። "ትምህርት ቤታችን ምን ያህል ጥሩ ነው?" የተሰኘው መመሪያ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን አራተኛው እትም በ2015 ወጥቷል፤ ማንም በኢንተርኔት አውርዶ ሊጠቀምበት ይችላል። መመሪያው ሲሠራበት የቆየው መርሕ በሦስት ቀላል ጥያቄዎች ይጠቃለላል። እንዴት እየሠራን ነው? ይህን በምን አወቅን? አሁን ምን እናድርግ? ቁልፉ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። "መምህራኖቻችን ጎበዞች ናቸው" ያለ ርዕሰ መምህር "በምን አወቅህ?" ሲባል የተማሪ ደብተር፣ የክፍል ምልከታ፣ የፈተና ትንተና ማቅረብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በነጻ ያቀረበው ሰልፊ የተሰኘ የኦንላይን መሣሪያ ነው። የሚመዝነው የትምህርት ቤቶችን የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም ብቻ ቢሆንም አሠራሩ ለሌላውም ይጠቅማል። አመራሮች፣ መምህራንና ተማሪዎች ተቀራራቢ ጥያቄዎችን ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ይመልሳሉ። ስም አይጻፍም። ትምህርት ቤቱ የራሱን ጥያቄ መጨመር ይችላል። የሦስቱ ወገኖች መልስ ተጠቃሎ ጎን ለጎን የሚታይበት ሪፖርት ለትምህርት ቤቱ ይደርሳል፤ ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደር ወይም ደረጃ ለማውጣት አይውልም።

የኦንላይን ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። "የቤት ሥራ በጊዜው ታርሞ ይመለሳል" ለሚለው ርዕሰ መምህሩ 5 ሰጠ እንበል፤ መምህራኑ 4፣ ተማሪዎቹ 2 ሰጡ። ማን ዋሸ ብሎ መጣላት አያስፈልግም። ውይይቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ልዩነት ነው። በወረቀት ቢሆን ተማሪው የእጅ ጽሑፌ ይታወቃል ብሎ ይፈራል፤ የ600 ተማሪ መልስ መደመርም የሳምንት ሥራ ነው።

ለእኛ የሚሆነው ምን ዓይነት ነው?

እንዲህ ያለ መሣሪያ ለአገራችን የሚያዘጋጅ አካል፣ የትምህርት ቢሮም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ወይም የትምህርት ቤቶች ማኅበር፣ አራት ነገሮችን ቢያስብባቸው መልካም ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ቦታ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ስለሌለ በተራ ስልክ ተሞልቶ ኔትወርክ ሲገኝ የሚላክ ይሁን፤ ለገጠሩ የወረቀት ቅጂም ይኑረው። ሁለተኛ፣ ተማሪውና ወላጁ በሚናገሩት ቋንቋ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ጥያቄዎቹ ከ26ቱ ስታንዳርዶች ጋር ይያያዙ እንጂ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይጠይቁ፤ በአንድ ወሰነ ትምህርት አንድ ርዕስ ይበቃል። አራተኛውና ዋናው፣ ዝርዝር መልሱ የትምህርት ቤቱ ይሁን። ወረዳው ማወቅ ያለበት ግምገማው መካሄዱንና ምን ለማሻሻል እንደታቀደ ነው።

መሣሪያው እስኪመጣ ግን መጠበቅ የለብንም። ጎግል ፎርምስን የመሰለ ነጻ የመጠይቅ ማዘጋጃ ያለው ርዕሰ መምህር አሥር ጥያቄ አውጥቶ፣ ስምና ኢሜይል የማይጠይቅ መሆኑን አረጋግጦ፣ በዚህ ወሰነ ትምህርት ሊጀምር ይችላል። ከውጤቱ ሁለት ጉዳዮችን ብቻ ይምረጥ፤ ኃላፊና ቀን ይመድብላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይጠይቅ። ሃያ ጉዳይ የያዘ ዕቅድ መጨረሻው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ውድ ወላጆች፣ የትምህርት ቤት ቦርድና የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ የእናንተም ድርሻ አለበት። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ስለ ሕንፃና ስለ ክፍያ ከመነጋገር በተጨማሪ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ግምገማ ያገኛችሁት ትልቁ ጉድለት ምንድን ነው? እሱን ለማረም ምን አደረጋችሁ? ጉድለቱን በግልጽ የነገራችሁን ርዕሰ መምህር አትውቀሱት፤ አግዙት። "ምንም ጉድለት የለብንም" ካላችሁ ግን "በምን አወቃችሁ?" በሉት።